ሃያ ዓመት ያገለገለ ወታደር ኢሜይሉን ለምን ይነጠቃል?

ይህን የምጽፈው በአሜሪካ ጦር ውስጥ ላላችሁና ጡረታ ለምትወጡ ሃበሾች ነው። ለሚስቶቻችሁ፣ ለባሎቻችሁና ለልጆቻችሁም ጭምር። ምክንያቱም መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው የሚታገሉት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

ጉዳዩ ኢሜይል ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ወታደር ሳላችሁ መጨረሻው ዶት ሚል የሆነ ኦፊሴላዊ አድራሻ አላችሁ። ትዕዛዝ በዚያ ይመጣል፣ የሥልጠና ማስታወቂያ በዚያ ይመጣል፣ ደመወዝን የሚመለከት ነገር ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ ሰውም ያንን አድራሻ ስለለመደው ከሥራ ውጭ ላለው ነገር ሁሉ ጭምር ይሰጠዋል። ከዚያ የጡረታው ቀን ይደርሳል። ካክ ካርዳችሁን፣ ማለትም መታወቂያም የኮምፒውተር መግቢያም የሆነውን የሥራ ካርድ፣ ታስረክባላችሁ። ከካርዱ ጋር ኢሜይሉም ይሄዳል።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የአሜሪካ ምድር ጦር ኤኬኦ የሚባል የራሱ ድረ ገጽ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2001 እያንዳንዱ ወታደር እዚያ አካውንት እንዲኖረው ታዘዘ። ጡረተኞችም አካውንት ይሰጣቸው ነበር፤ በዩኤስ አርሚ ዶት ሚል የሚያልቅ አድራሻ ይዘው ቤታቸው ቁጭ ብለው በመለያ ስምና በፓስዎርድ ይገቡ ነበር። ካርድ ማንበቢያ አያስፈልግም። በዚያ ዘመን የወጡትን ሰዎች ብትጠይቁ ብዙዎቹ አድራሻው ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ መስሏቸው እንደነበር ይነግሯችኋል። ከጓደኞቻቸው ጋር የሚገናኙት፣ ስለ ጡረታ አበላቸው የሚሰሙት፣ ለሥራ ሲያመለክቱ የሚጽፉት አድራሻ እሱ ነበር።

ከዚያ ጦሩ ኢሜይሉን በሙሉ በመከላከያ ሚኒስቴሩ ወደሚተዳደር አንድ ሥርዓት አዛወረ። አዲሱ አድራሻ ሜይል ዶት ሚል ሆነ፤ መግቢያው ደግሞ ካክ ካርድ ብቻ። ጡረተኛ ካክ ካርድ የለውም። በ2013 እና በ2014 ባለው ጊዜ ውስጥ ጡረተኞችና ቤተሰቦች ኢሜይላቸውን አጡ። የመጣላቸውን ደብዳቤ ወደ ግል አድራሻ የማስተላለፍ አገልግሎት ለተወሰነ ጊዜ ተሰጣቸው፣ እሱም ቆመ። ዛሬ ኤኬኦ ራሱ የለም። በሥራ ላይ ያሉት ወታደሮችም ወደ ማይክሮሶፍቱ ሥርዓት ተዛውረው አድራሻቸው አርሚ ዶት ሚል ሆኗል። ጡረተኛው ግን ከዚያ ወዲህ ኦፊሴላዊ ኢሜይል አግኝቶ አያውቅም።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ፣ ደግሞም አከብረዋለሁ። በፓስዎርድ ብቻ የሚከፈት አካውንት ለሰርጎ ገቦች የተመቸ ነው። ባለቤቱ ለወራት ያልከፈተው አካውንት ደግሞ ይብሳል፤ ማን እንደገባበት የሚያስተውል ሰው የለም። ካክ ካርድ ቺፕ አለው፣ ቺፑ ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት አሃዝ ያለው ፒን ይፈልጋል፣ ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ይቆለፋል። ጠንካራ ጥበቃ ነው። ለመቶ ሺዎች ጡረተኞች የሥራ ኔትወርክ ውስጥ ክፍት በር መተው አይቻልም፤ ለእያንዳንዱ የመልእክት ሳጥንም ወጪ አለው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ።

የማልቀበለው ጡረተኛውን ልክ ሥራ ቀይሮ እንደሄደ ሠራተኛ ማየቱን ነው። እንደዚያ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ከመደበኛው ጦር ጡረታ ወጥቶ አበል የሚቀበል ሰው አሁንም በወታደራዊው የፍትሕ ሕግ ሥር ነው፤ አንቀጽ 2 ላይ በግልጽ ተጽፏል። አስፈላጊ ሲሆን ወደ አገልግሎት ሊጠራም ይችላል። ማለትም ግንኙነቱ አልተቋረጠም። መንግሥት አሁንም የእኔ ነህ ይለዋል፣ ሰውየውም እሺ ብሎ ይኖራል።

ይህ በተግባር የታየበት ጊዜ አለ። መጋቢት 2020 ላይ ኮሮና ሆስፒታሎችን ሲያጨናንቅ ጦሩ ከ800 ሺህ በላይ ለሚሆኑ ጡረተኞቹ በኢሜይል መልእክት ላከ። የጽኑ ሕሙማን ነርሶች፣ የማደንዘዣ ባለሙያዎች፣ የድንገተኛ ክፍል ነርሶች፣ የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያዎች ፈቃደኛ ከሆናችሁ ተመለሱ የሚል ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መልስ ሰጡ። እኔን ይህ ነገር እስካሁን ይነካኛል። ሰዎቹ ቤታቸው ነበሩ፣ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፣ በሽታው ደግሞ ከሁሉ በላይ እንደነሱ ያለውን ሰው ነበር የሚጥለው። ግን መለሱ። ያ ጥሪ የደረሳቸው በራሳቸው የግል አድራሻ ነው። እና ጥሪው እውነተኛ መሆኑን በምን ያውቃሉ? ያው አጭበርባሪም እንደዚያው በግል ኢሜይል ነው የሚጽፍላቸው፤ የመንግሥት ዓርማ ለጥፎ፣ ማዕረጋቸውን ጠቅሶ፣ እዚህ ተጫኑ እያለ።

ለዚህ ነው ኦፊሴላዊ የመልእክት ሳጥን ያስፈልጋቸዋል የምለው። የድሮውን ኤኬኦ መልሱልን ማለቴ አይደለም። የሥራ ኔትወርክ ውስጥ መግባትም አያስፈልጋቸውም። የምለው መንግሥት ብቻ የሚጽፍበት፣ ጡረተኛው ማንነቱን አረጋግጦ የሚያነብበትና የሚመልስበት ዝግ ሳጥን ነው። አዲስ ነገር መፍጠር እንኳን አይጠይቅም። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ቪኤ ለሕክምና ይህንኑ ሲያደርግ ዓመታት አልፈዋል። ታካሚው ከሐኪሙ ጋር የሚጻጻፈው ማይ ሄልዘቬት በሚባለው ድረ ገጽ ውስጥ ባለው የተጠበቀ የመልእክት ክፍል ነው። ወደ ግል ኢሜይሉ የሚመጣው "መልእክት አለህ" የሚል ማሳወቂያ ብቻ ነው። ይዘቱ እዚያው ውስጥ ይቀራል። ለጉልበት ሕመም የሚሠራ ነገር ለጡረታ አበል የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ያለውን እንይ። ጡረተኛ የሚሰጠው አዲሱ መታወቂያ ክሬዲት ካርድ የሚያህል ፕላስቲክ ነው፤ ከ2020 ጀምሮ መሰጠት ጀምሯል። ለሆስፒታልና ለጦር ሰፈር መግቢያ ጥሩ ነው። ኮምፒውተር ግን አይከፍትም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በግል ኢሜይልና በስልክ ኮድ ላይ ተንጠልጥሏል። ለጡረታ አበል ማይፔይ አለ። ለሕክምና መድኑ ትራይኬር አለ። ለቪኤ ሌላ መግቢያ አለ። ቲኤስፒ በሚባለው የጡረታ ቁጠባ ውስጥ ያጠራቀማችሁት ገንዘብ የራሱ መግቢያ አለው። እነዚህ በሮች ደግሞ ይቀያየራሉ። ቪኤ በ2025 የራሱን የማይ ሄልዘቬት ፓስዎርድ መጋቢት ላይ አቆመ፣ በዚያው ዓመት ደግሞ ዲኤስ ሎግኦን የሚባለውን የመከላከያ ሚኒስቴሩን መግቢያ መቀበል አቆመ፤ አሁን የሚቀበለው ማንነትን አረጋግጠው የሚያስገቡትን ሎግኢን ዶት ጎቭን ወይም አይዲ ዶት ሚን ነው። መከላከያ ሚኒስቴሩ በበኩሉ ዲኤስ ሎግኦንን ማይኦዝ በሚባል አዲስ መግቢያ እየተካ ነው። ለወጣት ሰው ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ለሰባ ዓመት ሰው ግን እያንዳንዱ ለውጥ የራሱን ገንዘብ ከማየት የሚከለክል ግድግዳ ሊሆን ይችላል።

የአክስቴ ባል ላይ ያየሁት ይኸው ነው። ጋሼ ሰርጀንት ፈርስት ክላስ ሆኖ የወጣ፣ የንብረትና ስንቅ ሥራ የሠራ፣ አንድ ወረቀት የማይጠፋበት ሰው ነው። ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። አገልግሎት ላይ ሳለ አንድ የመንግሥት አካውንቱን በሥራ ኢሜይሉ ከፍቶት ነበር፣ ከፓስዎርዱ ሌላ የሚላከው ኮድም ወደዚያው ይሄዳል። ጡረታ ወጣ። ለወራት ምንም ችግር አልነበረም፤ የድሮው ኮምፒውተሩ ስለሚያስታውሰው ኮድ አይጠይቀውም ነበር። ኮምፒውተሩን ሲቀይር ግን ኮድ ላክንልህ አለው። የት? በሌለ ኢሜይል። የግብር ጊዜ ነው፣ ኤፕሪል 15 እየቀረበ ነው፣ የሚፈልገው የጡረታ ገቢውን የሚያሳየው 1099-አር ደግሞ እዚያ ውስጥ ነው። ስልክ ደወለ። ረጅም ሙዚቃ ሰማ። በመጨረሻ የመለሰችለት ሴት፣ በትህትና ነው የምትናገረው፣ ኮዱ በመዝገብ ወዳለው አድራሻ ተልኳል አለችው። አድራሻው ተዘግቷል ሲላት፣ አድራሻውን ለመቀየር መጀመሪያ መግባት አለብህ አለችው።

ጋሼ ስልኩን ዘግቶ ዝም አለ። የተናደደው በሴትዮዋ አይደለም። "እኔኮ ሰው የሚያውቀኝ ቦታ ነው የሠራሁት" አለኝ። በመጨረሻ የተፈታው ወረቀቶቹን ይዞ በአካል ወደ ጦር ሰፈር ሄዶ ነው። ትልልቅ ሰፈሮች ውስጥ የጡረተኞች አገልግሎት ቢሮ አለ፤ እዚያ የተቀመጡ ሰዎች ነገሩን ስለሚያውቁት መንገዱን አሳዩት። ይህን ቢሮ አስታውሱት። ስልክ ላይ ከመገተር እዚያ መሄድ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

እንግዲህ መንግሥት ያንን ሳጥን እስኪሰጥ ድረስ ራሳችሁን የምታድኑት ካክ ካርዱ ገና በእጃችሁ እያለ ነው። ካርዱ ብዙ በሮችን ይከፍታል፣ ስለዚህ ከማስረከባችሁ በፊት ባሉት ወራት ውስጥ በየገጹ ግቡና የግል ኢሜይላችሁን ዋና አድራሻ አድርጉ። ማይፔይ ይህን ይፈቅዳል። ቲኤስፒንም አትርሱ፤ እሱ ከሁሉ የሚረሳው ነው። ለዚህ ጉዳይ ብቻ የሚሆን ንጹሕ ኢሜይል ብትከፍቱ ይመረጣል፤ የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ የማይገባበት፣ ለማንም የማትሰጡት። የአገልግሎት መዝገባችሁን ከሥራ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ከኦፊሴላዊው መዝገብ አውርዳችሁ ያዙ፣ ዲዲ 214 የሚባለው የስንብት ወረቀት ሲሰጣችሁ ደግሞ ኮፒውን በቤትም በሌላ ቦታም አስቀምጡ። መዝገብ ይጠፋል። በ1973 ሴንት ልዊስ ያለው የወታደሮች መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ከ16 ሚሊዮን በላይ ፋይሎች ወድመዋል፣ የእነዚያ ሰዎች ቤተሰቦች እስከ ዛሬ በቤት የተገኘ ወረቀት እየፈለጉ ነው።

አሁን እኛን ሃበሾችን ብቻ ወደሚመለከተው ነገር ልምጣ፣ ምክንያቱም ይህን በእንግሊዝኛ የሚጽፍላችሁ የለም።

መጀመሪያ ስም። ሎግኢን ዶት ጎቭም ሆነ አይዲ ዶት ሚ ማንነታችሁን ሲያጣራ ስማችሁን ከመንጃ ፈቃድ፣ ከሶሻል ሴኩሪቲና ከሌሎች መዝገቦች ጋር ያመሳክራል። የእኛ ስም በየቦታው ሌላ ነው። አንዱ ቦታ ኃይለ ሚካኤል አንድ ቃል ነው፣ ሌላው ቦታ ሁለት ቃል፣ ሦስተኛው ቦታ ሚካኤል የመካከለኛ ስም ሆኖ ገብቷል። ለኛ አንድ ሰው ነው፣ ለማሽኑ ግን ሦስት። የጦሩ የሠራተኞችና የቤተሰብ መዝገብ ዲርስ ላይ ያለው ስም ከመንጃ ፈቃዳችሁ ጋር በፊደል ደረጃ አንድ መሆኑን አገልግሎት ላይ እያላችሁ አረጋግጡ። በኋላ ማስተካከል ይቻላል፣ ግን ወረቀት ይዞ መመላለስ ነው።

የልደት ቀንም አለ። ከኢትዮጵያ የመጣን ብዙዎቻችን ወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 ነው የተወለድነው። ሌሎቻችን ደግሞ አንዱ ቅጽ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የነበረው ቀን በስህተት ተቀይሮ በቀናት ወይም በዓመታት የሚለያይ ሁለት ቀን ይዘን እንኖራለን። ሥራ ላይ ሳላችሁ ማንም አይጠይቃችሁም። ማንነት አረጋግጥ ሲባል ነው የሚወጣው።

ከዚህ የከበደው ግን የሚስት ጉዳይ ነው። የእኛ ሴቶች በባል ስም አይጠሩም፣ በአባታቸው ስም ነው የሚጠሩት። ጥሩ ባህል ነው፣ እኔ አልቀይረውም። ግን ዲርስ ላይ በትክክል ካልተመዘገበች፣ የጋብቻ ወረቀቱም ከነትርጉሙ ከሌለ፣ ሰውየው ያረፈ ቀን ሐዘን ላይ ያለችው ሴት ሚስቱ መሆኗን ስታስረዳ ትከርማለች። ጡረታ ስትወጡ የተረፊዎች አበል የሚባለውን ኤስቢፒ መምረጥ ወይም መተው አለባችሁ። ሙሉ ሽፋን ከመረጣችሁ ከሞታችሁ በኋላ ባለቤታችሁ የጡረታ አበላችሁን 55 በመቶ ታገኛለች፤ ሙሉውን ካልመረጣችሁ ደግሞ የእሷ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። የማይታወቀው የባልየው የማይፔይ አካውንት ለእሷ የማያገለግል መሆኑ ነው። እሱ ሲሞት አካውንቱ ይዘጋል፣ እሷ በስሟ የራሷን ትከፍታለች። ፓስዎርዱን ስለነገራችኋት ብቻ ጨርሳችሁ አትተኙ። ለራሷ ኢሜይል ይኑራት፣ የት እንደምትደውል ትወቅ፣ ዲዲ 214ቱና የጋብቻ ወረቀቱ የት እንዳለ ትወቅ። ሞቱን ቶሎ አለማሳወቅም ችግር ያመጣል፤ ከሞተ በኋላ የገባ አበል ከባንኩ ተመልሶ ይወሰዳል፣ ያንን ለቀብርና ለሰልስት ያወጣች ሴት ምን ላይ እንደምትወድቅ አስቡት። ይህን ወሬ በቤት ማንሳት እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ሟርት ነው የሚሉ አሉ። አንሱት።

አዲስ አበባ ተመልሳችሁ ልትኖሩ ያሰባችሁ ደግሞ ማንነት የማረጋገጡን ሥራ እዚህ ሳላችሁ ጨርሱ። በፖስታ የሚላክ ነገር የሚመጣው በአሜሪካ አድራሻችሁ ነው። የስልክ ኮዱ በምትዘጉት የአሜሪካ ቁጥር ላይ ከሆነ ቦሌ ስትደርሱ ተቆልፎባችኋል ማለት ነው። ያለ ስልክ መስመር ኮድ የሚሰጥ አፕ አለ፤ እሱን በስልካችሁ ጫኑ፣ ሎግኢን ዶት ጎቭ የሚሰጠውን የመጠባበቂያ ኮዶች ዝርዝርም አትማችሁ ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡ።

ይህ ነገር ከጥቂት ዓመት በኋላ በኛ መካከል ይበዛል። በ2009 ማቭኒ የሚባለው ፕሮግራም ሲጀመር ግሪን ካርድ የሌላቸው፣ በቪዛ ያሉ ሰዎች በቋንቋቸው ወይም በሕክምና ሙያቸው ወደ ጦሩ እንዲገቡ ተፈቀደ፤ ከተፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። በዚያ የገቡት የመጀመሪያዎቹ ልጆች ቆይተው ከሆነ በ2029 ሃያ ዓመታቸውን ይደፍናሉ። በድሮው የጡረታ ሥርዓት የገቡ ስለሆኑ፣ ወደ አዲሱ ካልተዛወሩ፣ ከከፍተኛዎቹ ሦስት ዓመታት መሠረታዊ ደመወዛቸው አማካይ ግማሹን ዕድሜ ልክ ያገኛሉ። ትልቅ ነገር ነው፣ የደከሙበት ነው። አገሩ ቋንቋቸውን ፈልጎ ጠርቷቸዋል፣ እነሱም ወጣትነታቸውን ሰጥተዋል። ሲወጡ በጂሜይል ብቻ የሚገናኛቸው መንግሥት አይገባቸውም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ። አንደኛው፣ ለኮንግረስ ተወካያችሁ ጻፉ፤ ለጡረተኞችና ለተረፉ ቤተሰቦች የተጠበቀ ኦፊሴላዊ የመልእክት ሳጥን ይሰጠን በሉ፣ ቪኤ የሚሠራበትን ምሳሌ ጥቀሱ። በሰሜን ቨርጂኒያና በሜሪላንድ ብዙ ነን፣ ድምፃችን ይሰማል። ሁለተኛው፣ አሁን ተቆልፎባችሁ የምትቸገሩ ካላችሁ ያው የተወካያችሁ ቢሮ የዜጎችን ጉዳይ ብቻ የሚከታተሉ ሠራተኞች አሉት። ፋይላችሁን እንዲያዩ የምትፈቅዱበት አንድ ቅጽ ያስፈርሟችኋል፣ ከዚያ በእናንተ ስም መሥሪያ ቤቱን ይጠይቃሉ። በነጻ ነው። ስትሄዱ የጡረታ ትዕዛዛችሁን፣ መታወቂያችሁን፣ የደወላችሁበትን ቀንና የተባላችሁትን በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ እንግሊዝኛው የሚያስቸግራቸው አባት ወይም እናት ከሆኑ ልጅ ወይም ዘመድ አብሯቸው ይግባ።